ሃያ አራት ሰዓት ባሕር ላይ፦ ስለ ኦጋሳዋራ ደሴቶች ለጠየቃችሁኝ

ባለፈው ስለ ኦጋሳዋራ የጻፍኩት ሁለት አጭር አንቀጽ ብቻ ነበር። ከቶኪዮ ወደ ደቡብ 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ፓስፊክ መሃል የተቀመጡ የጃፓን ደሴቶች መሆናቸውን፣ በመርከብ ብቻ እንደሚኬድባቸው፣ እኔም ሄጄ እንደተመለስኩ ነገርኳችሁ። ከዚያ በኋላ ጥያቄው ጎረፈ። ሁሉንም መመለስ ስለማይቻል የተደጋገሙትን መርጫለሁ። ዓመተ ምሕረቱን፣ ወሩንና ቀኑን እንደ ፈረንጆቹ፣ ሰዓቱን ግን እንደ እኛ ነው የጻፍኩት።

ጥያቄ፦ «ቶኪዮ ናቸው» ብለህ ጻፍክ። ካርታ ላይ ስፈልጋቸው ያገኘሁት ግን ውቅያኖስ መሃል የተረጨ ነጠብጣብ ነው። ደግሞስ በዚህ ዘመን፣ ያውም ጃፓን ውስጥ፣ እንዴት አውሮፕላን የማይደርስበት ቦታ ይኖራል? (ከአዲስ አበባ)

ሁለቱም ልክ ነው። ያሉት ውቅያኖስ መሃል ነው፣ የሚተዳደሩት ግን በቶኪዮ ነው። እዚያ መንገድ ላይ የምታያቸው መኪኖች የለጠፉት ታርጋ እንኳ የሺናጋዋ ነው፤ ሺናጋዋ ማለት ቶኪዮ መሃል ያለ ሰፈር ነው።

ደሴቶቹ ከ30 ይበልጣሉ። ሕዝብ የሚኖረው ግን ሁለቱ ላይ ብቻ ነው። ቺቺጂማ ላይ 2,000 ገደማ ሰው፣ ሃሃጂማ ላይ ደግሞ 450 ገደማ። ቺቺጂማ «አባት ደሴት» ማለት ነው፣ ሃሃጂማ ደግሞ «እናት ደሴት»። የቀሩትም ቤተዘመድ ናቸው፦ ታላቅ ወንድም አለ፣ ታናሽ ወንድም አለ፣ ታላቅና ታናሽ እህት አሉ፣ ሙሽራና ሙሽሪት አሉ፣ የልጅ ልጅም አልቀረ። እኔ ስሞቹን መጀመሪያ የሰማሁ ቀን ነው ልቤ የሄደው።

አውሮፕላን ማረፊያ ይሠራ አይሠራ የሚለው ክርክር ለአሥርት ዓመታት ዘልቋል። በ1990ዎቹ አኒጂማ በምትባለው ሰው በማይኖርባት ደሴት ላይ ሊሠራ ታስቦ ነበር። ግን አኒጂማ ሌላ የትም የማይገኙ ቀንድ አውጣዎችና ዕፅዋት መኖሪያ ናት፤ ስለዚህ ሐሳቡ ቀረ። ከዚያ በቺቺጂማ ሌላ ቦታ ታየ፤ እሱም ቀረ። ስለዚህ መንገዱ አንድ ነው፤ ኦጋሳዋራ ማሩ የሚባለው መርከብ። ቶኪዮ ከታኬሺባ መሳፈሪያ ከጠዋቱ 5 ሰዓት ይነሳል፣ በማግስቱ ከጠዋቱ 5 ሰዓት ቺቺጂማ ይደርሳል። ድፍን ሃያ አራት ሰዓት። አሁን ያለው መርከብ ሥራ የጀመረው በ2016 ነው፤ ከዚያ በፊት የነበረው አንድ ሰዓት ተኩል ጨምሮ ይወስድ ነበር።

እና መርከቡ በየቀኑ የሚሄድ እንዳይመስልህ። ከበጋቸው ወራት ውጭ በአብዛኛው በስድስት ቀን አንዴ ነው የሚነሳው፤ ምክንያቱም ደርሶ እዚያው ወደብ ላይ ሦስት ሌሊት ያድርና ያንኑ ሰው ይዞ ይመለሳል። ይህን ያስተዋለ ሰው ሌላው ሁሉ ይገባዋል። የደሴቱ ኑሮ በሰኞና በማክሰኞ አይቆጠርም። የሚቆጠረው በመርከቡ መምጫና መሄጃ ነው። መርከቡ በገባ ቀን ሱቁ ይሞላል፣ ትኩስ ወተትና አትክልት ይገኛል፣ ሰዉ ሁሉ ወደቡ ላይ ነው። መርከቡ ከሄደ በኋላ ብዙ ሱቅና ምግብ ቤት ይዘጋል፤ የእነሱ እሑድ ያ ነው።

ጥያቄ፦ ባሕር ላይ ወጥቼ አላውቅም። ሐይቅ ላይ በጀልባ ሰላሳ ደቂቃ ሄጄ እንኳ አዙሮኝ ነበር። ሃያ አራት ሰዓት እችለዋለሁ? እውነቱን ንገረኝ። (ከባሕር ዳር)

ትችያለሽ። ግን እውነቱን ስለጠየቅሽኝ፣ እኔ በመጀመሪያው ሌሊት ክፉኛ ታምሜያለሁ። ሆዴ ባዶ እስኪሆን። ጥፋቱ የራሴ ነበር፤ መድኃኒቱን የወሰድኩት መወዛወዝ ከጀመረ በኋላ ነው። ያኔ ረፍዷል። የሚወሰደው መርከቡ ከመነሳቱ በፊት፣ ግማሽ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ ነው። ጃፓን ውስጥ በየፋርማሲው «ዮይዶሜ» ብለሽ ብትጠይቂ ይሰጡሻል። ሌላ በቋሚነት የምትወስጂው መድኃኒት ካለ ግን አስቀድመሽ ሐኪምሽን አማክሪ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት ያታልላሉ። የቶኪዮ ወሽመጥ ውስጥ ስለሆንሽ ውሃው ጸጥ ያለ ነው፣ ከተማው በሁለቱም በኩል ይታያል፣ ሰው ሁሉ ፎቶ ያነሳል፣ «ይሄ ነው እንዴ የፈራሁት?» ትያለሽ። ከወሽመጡ ስትወጪ ነው ውቅያኖሱ ራሱን የሚያስተዋውቀው። ከዚያ በኋላ የሚረዳው ነገር ቀላል ነው። መተኛት። ቀጥ ብሎ በጀርባ መተኛት። ቦታ የመምረጥ ዕድል ካለሽ ዝቅ ያለው ወለልና የመርከቡ መሃል ይሻላል፤ ከላይና ከጫፍ ይልቅ እዚያ ብዙ አይወዛወዝም። ሆድሽን ባዶ አታድርጊው፣ ከልክ በላይም አትሙዪው። ስልክሽን ማየት ተዪ፤ ማንበብ ያባብሰዋል። ለነገሩ የአብዛኛው መንገድ ኔትወርክ የለም።

ወቅቱም ለውጥ አለው። ክረምታቸው፣ ማለትም ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ጊዜ፣ ባሕሩ ይከፋል። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ደግሞ የታይፉን ወቅት ነው። ለአንቺ ዓይነት ሰው እኔ የምመክረው ግንቦትና ሰኔን ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ጠዋት ላይ እንደምንም ብለሽ ውጪ። ሊደረስ ጥቂት ሰዓታት ሲቀሩ ከአድማሱ የመጀመሪያዎቹ ደሴቶች ብቅ ይላሉ፣ ቡናማና ነጭ የሆኑ ትልልቅ የባሕር ወፎች ከመርከቡ ጎን ጎን እየበረሩ በራሪ ዓሦችን ያድናሉ። የባሕሩ ቀለምም ሌሊቱን ተቀይሯል። እዚያ ሰማያዊ የሚሉት ቀለም ሌላ ነው። እኔ ሌሊቱን ሙሉ ታምሜ ያደርኩ ሰው፣ ያን ጊዜ ሁሉንም ረሳሁት።

ጥያቄ፦ ስንት ቀንና ስንት ብር ይበቃል? (ብዙዎቻችሁ)

ከቶኪዮ ተነስቶ ቶኪዮ ለመመለስ ቢያንስ ስድስት ቀን። ሁለቱ ሌሊት መርከብ ላይ፣ ሦስቱ ደሴት ላይ። ከበጋቸው ወራት ውጭ ከዚህ ማሳጠር በአብዛኛው አይቻልም። ማርዘም ከፈለጋችሁ ደግሞ ቀጣዩን መርከብ መጠበቅ ነው፤ ያኔ ሁለት ሳምንት ሊጠጋ ይችላል። ለመርከቡ ትንሹ ዋጋ የሁለተኛ ማዕረግ የጋራ ክፍል ነው፤ ወለል ላይ በተነጠፈ ስስ ፍራሽ ከሌሎች ጎን ትተኛላችሁ። እሱም ለአንድ መንገድ ከ25 ሺህ የን በላይ ነው፣ የነዳጅ ዋጋ ሲጨምርም ይጨምራል።

የኢትዮጵያ ፓስፖርት ያላችሁ ቪዛ ያስፈልጋችኋል። የአሜሪካ ፓስፖርት ያላችሁ ለአጭር ጉብኝት አያስፈልጋችሁም። ሁላችሁም ግን ይህን ስሙኝ፦ የመመለሻ በረራችሁን መርከቡ ቶኪዮ በሚገባበት ቀን አትቁረጡ። ባሕር ነው። ታይፉን ከመጣ መርከቡ ቀኑን ይቀይራል፣ ማንም ሊያስቸኩለው አይችልም። ሁለት ሦስት ቀን ክፍተት ተዉ።

መጀመሪያ ማረፊያ፣ ቀጥሎ መርከብ፣ ከዚያ አውሮፕላን፤ በዚህ ቅደም ተከተል ያዙ። ጥሬ ገንዘብም ያዙ፤ ካርድ የማይቀበሉ ትንንሽ ቤቶች አሉ።

ጥያቄ፦ ድንኳን ይዤ ብሄድስ? (ከናይሮቢ)

አይቻልም። በደሴቶቹ ላይ ድንኳን ተክሎ ማደር ክልክል ነው፤ መኪና ውስጥ ማደርም እንዲሁ።

ጥያቄ፦ አንድ ጃፓናዊ የሥራ ባልደረባዬ የኦጋሳዋራ ሰው ነኝ ይለኛል። መልኩ ግን ጃፓናዊም ፈረንጅም ይመስላል። እዚያ ያለው ሕዝብ ማነው? (ከዱባይ)

ወንድሜ፣ ይህን ጥያቄ ስለጠየቅከኝ አመሰግናለሁ። ከሁሉም በላይ መጻፍ የምፈልገው ስለዚህ ነው።

እነዚህ ደሴቶች ለረጅም ጊዜ ሰው አልነበረባቸውም። ፈረንጆች «ቦኒን» የሚሏቸው ስም ራሱ «ሰው የሌለበት» ከሚል የጃፓንኛ ቃል የመጣ ነው። በ1830 ከሃዋይ የተነሱ ሃያ አምስት ያህል ሰዎች ቺቺጂማ ላይ ሰፈሩ። ጥቂቶቹ ከአሜሪካ፣ ከእንግሊዝ፣ ከዴንማርክ የመጡ ወንዶች ነበሩ፤ አብዛኞቹ ግን የሃዋይና የፓስፊክ ደሴቶች ሴቶችና ወንዶች ነበሩ። በጣም የሚታወቀው ከማሳቹሴትስ የመጣው ናትናኤል ሴቮሪ ነው። አትክልት እያመረቱ፣ አሳማና ዶሮ እያረቡ፣ ዓሣ ነባሪ ለማደን ለሚያልፉ መርከቦች ይሸጡ ነበር። የአሜሪካው የባሕር ኃይል አዛዥ ኮሞዶር ፔሪ በ1853 ወደ ጃፓን ሲሄድ እዚያ ጎራ ብሏል።

ጃፓን ደሴቶቹን የግዛቷ አካል ያደረገችው ከ1875 ጀምሮ ነው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሰፋሪዎቹ ሁሉ ጃፓናዊ ዜግነት ወሰዱ፣ ከዋናው ምድርም ብዙ ሰው መጣ። ሁለቱ ሕዝቦች ጎን ለጎን ኖሩ፣ ተጋቡ፣ ቋንቋቸውም ተደባለቀ። አንድ ዓረፍተ ነገር ግማሹ እንግሊዝኛ ግማሹ ጃፓንኛ የሆነበት አነጋገር ተወለደ።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። በ1944 የጃፓን መንግሥት 6,886 ነዋሪዎችን በግዳጅ ወደ ዋናው ምድር አሸሸ። ስምንት መቶ የሚያህሉ ወንዶች ደግሞ ለሠራዊቱ ሥራ እዚያው እንዲቀሩ ተደረገ። ጦርነቱ ሲያበቃ ደሴቶቹን አሜሪካ ያዘች። እና እዚህ ላይ ልብ የሚሰብረው ነገር መጣ። በ1946 እንዲመለሱ የተፈቀደላቸው የእነዚያ የመጀመሪያ ሰፋሪዎች ዘሮች ብቻ ነበሩ፤ 130 ያህል ሰዎች። ጎረቤቶቻቸው፣ አብሮ አደጎቻቸው፣ ዘራቸው ጃፓናዊ ብቻ ስለሆነ ቀሩ። እስከ 1968 ድረስ። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ቤታቸውን፣ እርሻቸውን፣ የወላጆቻቸውን መቃብር ሳያዩ። አዛውንቶቹ ስንቶቹ በዋናው ምድር ተከራይተው እየኖሩ «ዘንድሮ እንመለሳለን» እያሉ እንዳረፉ አስበው።

የተመለሱት 130ዎቹም ቢሆኑ ኑሯቸው ቀላል አልነበረም። ልጆቻቸው የአሜሪካ ባሕር ኃይል ባቋቋመው ትምህርት ቤት በእንግሊዝኛ ተማሩ። ሰኔ 26 ቀን 1968 ደሴቶቹ ለጃፓን ሲመለሱ ግን በአንድ ጀምበር ትምህርቱ ጃፓንኛ ሆነ። አሜሪካ ሄደው የቀሩ አሉ፣ እዚያው ሆነው እንደ አዲስ ፊደል የቆጠሩ አሉ። የባልደረባህ ቤተሰብ በዚህ ሁሉ ውስጥ ያለፈ ሳይሆን አይቀርም። ሴቮሪ የሚለው ስም ዛሬም አለ፤ በጃፓን ፊደል ተጽፎ «ሴቦሪ» ይባላል።

ሌላም ያላለቀ ነገር አለ። ኢዎ ጂማ፣ ያ በጦርነቱ የታወቀው ደሴት፣ የኦጋሳዋራ አካል ነው። እዚያም መንደር ነበር፣ ትምህርት ቤት ነበር። የእነሱ ሰዎች ዛሬም ድረስ ተመልሰው እንዲኖሩ አልተፈቀደላቸውም። ያለው ወታደራዊ ሰፈር ብቻ ነው።

ስለዚህ ስትሄድ የባሕር ዳርቻ ብቻ አይተህ አትመለስ። ከተማዋ ውስጥ ያለውን የጎብኚዎች ማዕከል ግባ፣ መቃብሮቹን እይ፣ ጫካ ውስጥ የቀሩትን የጦርነት ዋሻዎችና መድፎች ከአስጎብኚ ጋር ተመልከት። ባልደረባህንም ስለ አያቱ ጠይቀው። ሰው ስለ አያቱ ሲጠየቅ ደስ ይለዋል።

ጥያቄ፦ ቡና ይበቅላል ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው? (ከጅማ)

እውነት ነው፤ ይህን ጥያቄ ከጅማ ማግኘቴም ደስ ብሎኛል። ጃፓን ውስጥ ቡና ለመጀመሪያ ጊዜ የተተከለው እዚያ ነው፤ በ1878፣ ከጃቫ በመጣ ችግኝ። እና የጃቫ ቡና ከየት መጣ? ደቾች ከየመን የወሰዱት ነው። የየመኑ ደግሞ ከእናንተ ጫካ። ስለዚህ ያ ዛፍ ከምዕራብ ኢትዮጵያ ተነስቶ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ፣ ሕንድ ውቅያኖስን ተሻግሮ፣ ፓስፊክ መሃል ያለ ደሴት ላይ ሥር ሰዷል።

በጦርነቱ ጊዜ ሰዉ ሲፈናቀል የቡናው ማሳ ጫካ ዋጠው። ከ1968 በኋላ ባለቤቶቹ ሲመለሱ ዛፎቹ ጥላው ውስጥ በሕይወት ነበሩ። መንጥረው፣ ተንከባክበው እንደገና አነሷቸው። የሚመረተው በጣም ትንሽ ነው፣ ዋጋውም ውድ ነው። ደሴቱ ላይ ፍሬውን ከመልቀም እስከ መቁላት የምትሠራበት ጉብኝትም አለ። እኔ አንድ ስኒ ጠጥቻለሁ። ለስለስ ያለ ነው፣ አይከብድም። እኛ ቤት እንደሚፈላው አይደለም፤ ግን ስኒውን ይዤ ዝም ብዬ ብዙ ተቀመጥኩ።

ጥያቄ፦ የጉዞዬ ቀን ከዐቢይ ጾም ጋር ገጠመ። እዚያ ምን እበላለሁ? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

እህቴ፣ ይህ ዝግጅት ይፈልጋል። ችግሩ ሥጋው አይደለም፤ ሥጋውን ማየት ቀላል ነው። ችግሩ የማይታየው ነው። ጃፓን ውስጥ «ዳሺ» የሚሉት መረቅ አለ፣ በአብዛኛው ከደረቀ ዓሣ ነው የሚሠራው፣ ሾርባው ውስጥ አለ፣ የተቀቀለ አትክልት ውስጥ አለ፣ ማባያው ውስጥ አለ። በጾም ዓሣ የምትበዪ ከሆነ ብዙ አትቸገሪም፤ እንዲያውም የደሴቱ ሱሺ በጣም ጥሩ ነው፣ ዓሣውን ሶያ ሶስ ውስጥ ነክረው በሰናፍጭ ነው የሚያቀርቡት። ዓሣ የማትበዪ ከሆነ ግን ማረፊያ ስትይዢ፣ ከሳምንታት በፊት፣ በጽሑፍ ንገሪያቸው፦ ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ዳሺም ጭምር እንደማትበዪ። በጃፓንኛ አስተርጉመሽ ላኪው። ቀደም ብለሽ ንገሪያቸው የምልሽ ለትሕትና ብቻ አይደለም። ዕቃው የሚመጣው በዚያው በአንዱ መርከብ ስለሆነ፣ ደርሰሽ ብትነግሪያቸው ሊረዱሽ ቢፈልጉም ቤት ውስጥ ያለው ያው ነው።

ሩዝ፣ ቶፉ፣ ናቶ የሚሉት የተብላላ አኩሪ አተር፣ የደሴቱ ቲማቲም፣ ሎሚ፣ ትንንሽ ሙዝ ታገኛለሽ። ጥቂት ስንቅም ከቶኪዮ ይዘሽ ተሳፈሪ። እና ዐቢይ ጾም የሚውልበት ጊዜ ዓሣ ነባሪዎቹ ግልገሎቻቸውን ይዘው የሚታዩበት ወቅት ነው፤ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ከኮረብታ ላይ ቁጭ ብለሽ እንኳ ሲዘሉ ታያቸዋለሽ። ቀኑን አትቀይሪው።

ጥያቄ፦ የባሕር ኤሊ ይበላሉ የሚባለው እውነት ነው? በጣም አዝኛለሁ። (ከሀዋሳ)

እውነት ነው። ወጥም ይሠሩታል፣ በጥሬውም ይበላል። ከመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች ጊዜ ጀምሮ የነበረ ምግብ ነው። ከመቶ ዓመት በፊት ያለ ገደብ ታድኖ ሊጠፋ ደርሶ ነበር። ዛሬ ግን ፈቃድ ያለው ዓሣ አጥማጅ ብቻ፣ በዓመት በተወሰነ ቁጥር ነው የሚይዘው። እዚያው ደሴት ላይ ደግሞ እንቁላሎቹን የሚጠብቅ፣ ጫጩቶቹን አሳድጎ የሚለቅ ማዕከል አለ። ኦጋሳዋራ የጃፓን ትልቁ የአረንጓዴ ባሕር ኤሊ መራቢያ ነው።

እኔ አልበላሁም። የሚበሉትን ግን አልፈርድባቸውም። አንተም አትፍረድ፤ ይልቅ በሰኔና በሐምሌ ሌሊት ወደ ባሕር ዳርቻ ሄደህ እናቲቱ አሸዋውን ስትቆፍር እይ። ነጭ መብራት አታብራ፣ ፍላሽ አታንሳ፣ መንገዷ ላይ አትቁም። ጫጩቶቹ ሲፈለፈሉ የመንገድ መብራት እያሳሳታቸው ወደ አስፋልት ይወጣሉ፤ የመንደሩ ሰዎች እየለቀሙ ወደ ባሕሩ ይመልሷቸዋል።

ጥያቄ፦ የጫማ ሶል በአቼቶ አስረጩኝ ብሎ አንድ ጓደኛዬ ነገረኝ። ለምንድነው? (ከቴል አቪቭ)

ለቀንድ አውጣ ነው። አዎ፣ ለቀንድ አውጣ!

ኦጋሳዋራ በ2011 በዩኔስኮ የዓለም የተፈጥሮ ቅርስ የሆነችው በዋነኛነት በጥቃቅን ነገሮቿ ነው። ደሴቶቹ ከየትኛውም ትልቅ ምድር ጋር ተያይዘው አያውቁም። ስለዚህ በነፋስ፣ በማዕበል፣ በወፍ እግር ተጣብቆ የደረሰው ሁሉ ብቻውን ቀርቶ በራሱ መንገድ ተለወጠ። ከየብስ ቀንድ አውጣዎቹ ከመቶ ዘጠና የሚሆኑት ሌላ የትም የሉም። መሬት ላይ የሚሄደው ሌላ፣ ዛፍ ላይ የሚኖረው ሌላ ሆኗል።

ከዚያ ከሩቅ የመጣ አንድ ጠፍጣፋ ትል ገባ። ቀንድ አውጣ እየበላ ቺቺጂማ ላይ አገር በቀሎቹን ሊጨርሳቸው ደረሰ። ትሉም እንቁላሉም ከጫማ ጭቃ ጋር ይሄዳል፤ አቼቶ ደግሞ ይገድለዋል። ለዚህ ነው ወደ ሌላ ደሴት ስትሻገር ሶልህ የሚረጨው፣ ልብስህ ላይ ዘር እንዳይኖር የሚጠረገው። ከአሜሪካ የመጣ አረንጓዴ እንሽላሊትም አለ፤ የደሴቱን ነፍሳት ፈጅቷል፣ እሱን ለመያዝ በየዛፉ የሚያጣብቅ ወጥመድ ተሰቅሎ ታያለህ። ፍየልም ነበር፤ ጫካውን ስለጨረሰ ከብዙዎቹ ደሴቶች እንዲጠፋ ተደርጓል።

የድመቶቹ ታሪክ ግን የሚያስደስት ነው። ጫካ የገቡ ድመቶች ቀይ ራስ ያለውን ብርቅዬ እርግብ እየበሉ ሊያጠፉት ነበር። ሰዎቹ ድመቶቹን አልገደሏቸውም። እየያዙ በመርከቡ ወደ ቶኪዮ ይልኳቸዋል፣ የእንስሳት ሐኪሞች ተቀብለው ያለማምዷቸዋል፣ ከዚያ ቤተሰብ ይፈለግላቸዋል። እርግቡም ቁጥሩ አገገመ። ሃያ አራት ሰዓት ባሕር ላይ ተጉዞ አዲስ ቤት የሚገባ ድመት!

ሚናሚጂማ ወደምትባለው ትንሽ ደሴት ከሄድክ ሕጉ ይበልጥ ይጠብቃል፤ በቀን 100 ሰው ብቻ፣ ከፈቃድ ያለው አስጎብኚ ጋር፣ ቢበዛ ለሁለት ሰዓት። አሸዋ እንኳ ይዘህ አትወጣም። አንዳንድ ሰው ይህን ሁሉ ሲሰማ «ተጨናነቅን» ይላል። እኔ ግን በሙሉ ልቤ የምደግፈው ሕግ ነው። ያ ቦታ ዛሬ ድረስ የቆየው ሰው ለትንሽ ነገር ስለተጨነቀለት ነው።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 68 ነው፤ ደም ግፊት አለብኝ። ልጄ ልትወስደኝ ትፈልጋለች። ልሂድ? (ከፍራንክፈርት)

እናቴ፣ ሐኪምዎ ከፈቀደልዎ ይሂዱ። ማወቅ ያለብዎት ግን፣ ደሴቱ ላይ ያለው ክሊኒክ እንጂ ሆስፒታል አይደለም። ነፍሰ ጡሮች እንኳ ለመውለድ አስቀድመው ወደ ዋናው ምድር ይሄዳሉ። ከባድ ድንገተኛ ሕመም ሲመጣ ውሃ ላይ የሚያርፍ የባሕር ኃይሉ አውሮፕላን ይጠራል፤ እሱም ሰዓታት ይፈጃል። ስለዚህ መድኃኒትዎን ለጉዞው ከሚያስፈልግዎ እጥፍ አድርገው ይያዙ፤ ግማሹ ከእርስዎ፣ ግማሹ ከልጅዎ ቦርሳ ይሁን። በመርከቡ ላይ ደግሞ ወለል ላይ ከመተኛት አልጋ ያለው ክፍል ያስይዙ።

ጥያቄ፦ ያሉኝ ሦስት ሌሊቶች ናቸው። ሁለቱንም ደሴቶች ልይ ወይስ አንዱን? (ከለንደን)

አንዱን ሌሊት ሃሃጂማ እደሩ። ከቺቺጂማ 50 ኪሎ ሜትር፣ በሌላ ትንሽ መርከብ ሁለት ሰዓት ነው። ማረፊያ ሳትይዙ ግን አትሂዱ። ሃሃጂማ ጸጥታዋ ሌላ ነው። 463 ሜትር የሆነውን ተራራዋን በግማሽ ቀን ወጥታችሁ ትወርዳላችሁ፣ መንገድ ላይም ዓይኗ ዙሪያ ጥቁር ሦስት ማዕዘን ያላትን ቢጫ ወፍ፣ ሜጉሮን፣ ታያላችሁ። በዓለም ላይ ያለችው እዚያ አካባቢ ብቻ ነው፤ እዚያ ግን እንደ እኛ አገር ድንቢጥ በየአጥሩ ላይ ናት። በእርጥቡ ወቅት ሌሊት ጫካ ገብታችሁ መብራት ብታጠፉ፣ አረንጓዴ የሚያበራ እንጉዳይም አለ። ጣት የማያህል ነገር፣ ጨለማው ውስጥ እንደ ኮከብ።

ጥያቄ፦ መርከቡ ሲነሳ የደሴቱ ሰዎች ባሕር ውስጥ ይዘላሉ የሚባለውን ቪዲዮ አየሁ። ለቱሪስት የተዘጋጀ ትርኢት ነው አይደል? (ከአዳማ)

አይደለም።

መርከቡ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ ይነሳል። ከዚያ በፊት መንደሩ ወደብ ላይ ይሰበሰባል። ከበሮ ይመታል። ያደራችሁበት ቤት እመቤት መጥታለች፣ ባሕር ያስገባችሁ አስጎብኚ መጥቷል፣ ሱቅ ውስጥ ሁለቴ ያያችሁት ሰው ሁሉ ቆሟል። አንገታችሁ ላይ የአበባና የቅጠል ጉንጉን ያጠልቁላችኋል። የሚሄደው ጎብኚ ብቻ እንዳይመስልሽ። ለሥራ ጥቂት ዓመት ቆይቶ የሚዛወር አስተማሪ አለ፣ ትምህርት ጨርሶ ለመጀመሪያ ጊዜ ከቤቱ የሚወጣ ልጅ አለ፣ ለመውለድ የምትሄድ ሴት አለች። ለእነሱ ሁሉ ነው።

መርከቡ ሲንቀሳቀስ ትንንሾቹ ጀልባዎች ሁሉ አብረው ይወጣሉ። አሥር፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ። ከወደቡ አፍ አልፈው፣ ክፍት ባሕር ድረስ፣ ማዕበሉ ላይ እየዘለሉ በግራና በቀኝ ይከተሉናል። ሰዎቹ እየጮሁ እጃቸውን ያወዛውዛሉ። ከዚያ አንዱ ጀልባ ይቆምና ያሉት ሁሉ ከጣሪያው ላይ እየተወረወሩ ባሕሩ ውስጥ ይዘላሉ። ቀጥሎ ሌላው ጀልባ። ቀጥሎ ሌላው። የመጨረሻው ጀልባ እስኪቀር።

«ሳዮናራ» አይሉም። ቃሉን አስተውዬ ስለሰማሁት ነው የምነግርሽ። የሚጮሁት «ኢተራሻይ» እያሉ ነው፤ ሰው ከቤቱ ሲወጣ ቤተሰቡ የሚለው ቃል ነው። ለሌላ ሰው ማስረዳት ይከብዳል፣ ለአንቺ ግን አይከብድም። እኛ «ደርሰህ ና» የምንለው ነው። መልሱም ያው ነው፤ «ኢተኪማስ»፣ ደርሼ እመጣለሁ። አጠገቤ የቆመችው ልጅ፣ አሥራ ስምንት ዓመት ቢሆናት ነው፣ የመጨረሻው ጀልባ ነጥብ እስኪሆን ድረስ ይህን ቃል እየደጋገመች ትጮህ ነበር፤ ከዚያ ጉንጉኗን ከአንገቷ አውልቃ ወደ ባሕሩ ወረወረችው።